ለድልድዩ የተጻፈች አንዲት ገጽ

ሰው ሁሉ «እትዬ ሹፌር» ነው የሚላት። ስሙን መጀመሪያ ማን እንዳወጣላት የሚያስታውስ የለም፤ እሷ ግን ወዳዋለች። የከተማውን ጤና ጣቢያ አምቡላንስ መንዳት ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት የአሸዋ መኪና ትነዳ ነበር፤ ከዚያም በፊት በአባቷ ጋራዥ ጎማ ትፈታ ነበር። ክንዷ ወፍራም ነው፤ ድምጿ ከክንዷ ይወፍራል። ቁጣዋ ደግሞ አፍንጫዋ ላይ ናት። በመንገድ ላይ መኪናውን አላግባብ ያቆመ ሰው የእሷን አምቡላንስ ካየ፣ ሳይረን ሳትነፋ ራሱ ሮጦ ያነሳል።

ከተማው ወንዝ ዳር ነው። ወንዙ ላይ ድልድይ አለ፤ ከድልድዩ ማዶ ሌላ አገር ነው። የማዶውና የወዲህኛው ሰው አንድ ቋንቋ ይናገራል፣ እርስ በርሱ ይጋባል፣ እርስ በርሱ ይካሰሳል። ከድልድዩ ማዶ፣ በመኪና ዘጠኝ ደቂቃ ርቀት ላይ፣ ባለ አራት ፎቅ ሆስፒታል አለ። የጎረቤት አገሮቹ ኅብረት በጋራ ያሠራው ነው። ሲመረቅ የሁለቱም አገር ባለሥልጣናት አንዱን ሪባን በአንድ መቀስ ቆርጠው፣ «ይህ የሁለቱም ዳርቻ ሕዝብ ሆስፒታል ነው» ብለው ነበር። በወዲህ በኩል ቀዶ ጥገና የሚሠራ ሐኪም የሚገኘው አራት ሰዓት ተነድቶ ነው፤ ያውም መንገዱ ደህና ከሆነ።

አምቡላንሱ ግን ድልድዩን አይሻገርም። ታርጋው የወዲህ ነዋ። በሽተኛ የጫነች እንደሆነ ኬላው ጋ ትቆማለች፤ የድንበር ጉዳይ ኃላፊው የፈረመበት ደብዳቤ እስኪመጣ ትጠብቃለች። ደብዳቤው ሲመጣ በሽተኛው በቃሬዛ ወርዶ እስከ ድልድዩ አጋማሽ በእግር ይወሰዳል። እዚያ የማዶው አምቡላንስ ሹፌር ይረከበዋል። ባለጺሙ ትለዋለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሽተኛ ሲቀባበሉ፣ ከ«ቀስ!» እና ከ«በርቱ!» በላይ ተነጋግረው አያውቁም።

አብሯት የሚሠራው ነርስ ረጋ ያለ፣ ጽሕፈቱ ያማረ ሰው ነው። ከሰባት ዓመት በፊት አንዲት ገጽ ጻፈ። «በሽተኛ የጫነ አምቡላንስ፣ የየትኛውም አገር ታርጋ ቢኖረው፣ ያለ ደብዳቤ ይለፍ» የምትል ነበረች፤ ቀሪው አድራሻና ሰላምታ ነው። ገጿ ከጤና ጣቢያው ወደ ክፍለ ሀገር፣ ከክፍለ ሀገር ወደ ሚኒስቴር፣ ከሚኒስቴር ወደ ኅብረቱ ምክር ቤት ሄደች። እዚያ ደርሳ ቀረች። በየዓመቱ ከኅብረቱ ጽሕፈት ቤት አንድ ዓይነት መልስ ይመጣል፦ «ጉዳዩ ደረጃ በደረጃ እየታየ ነው።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል ነርሱ፣ ደብዳቤውን ፋይል ውስጥ እየከተተ።

«የእነዚህማ እንቁላል ገምቷል» ትላለች።

ገጿ የት እንደቀረች ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። ነገሩ ያለው እዚያው ቤቷ፣ የእሑድ ምሳ ላይ ነበር። ታላቅ ወንድሟ በኅብረቱ ምክር ቤት የአገሩ ተወካይ ነው። አባታቸው ከሞተ በኋላ ያሳደጋት እሱ ነው። «ሴት ልጅ ከባድ መኪና አትነዳም» ያሉትን ዘመዶች አፋቸውን ያስያዘላትም እሱ ነው። የልጇ ባል ደግሞ ጉምሩክ ነው የሚሠራው። ሁለቱ ገበታ ላይ ከተገናኙ ምግቡ ይቀዘቅዛል።

«አንድ መንግሥት፣ አንድ ገንዘብ፣ አንድ ምክር ቤት!» ይላል ወንድሟ ማንኪያውን እያወዛወዘ። «ቁርጥራጭ ውል እየፈረምን እስከ መቼ? ትናንሾች ነን፤ ተለያይተን የሚሰማን የለም።»

«ጋሼ፣ ይቅርታዎንና፣ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ» ይላል አማቿ። «የራሳችን ቤት ያፈሳል። መጀመሪያ የራሳችንን እንጠግን፣ አጥራችንን እናጥብቅ፤ ጉርብትናው ከዚያ በኋላ ይመጣል።»

«አጥሩ ውስጥ ብቻህን ተቀምጠህ ምን ልትሆን?»

«የራሴ ጌታ ነዋ!»

አንድ እሑድ እትዬ ሹፌር ጣልቃ ገባች። «የእኛ ገጽስ? እሷ ምን ሆነች?»

ወንድሟ ፊቱን አለሳለሰ። «እሷማ ትልቁ ቻርተር ውስጥ ትካተታለች። ለብቻዋ ካሳለፍናት እኮ ሰዎቹ ‹ይኸው ችግሩ ተፈታ› ብለው ትልቁን ነገር ያዳፍኑታል። እንዲህ ያሉ ጥቃቅኖች ናቸው ሕዝቡን የሚያስጮኹት፤ ጩኸቱ ያስፈልገናል።»

አማቿም አቀረቀረ። «እማማ፣ እርስዎን አምናለሁ። ግን ዛሬ አምቡላንስ ሳይፈተሽ ካለፈ፣ ነገ አምቡላንስ መስሎ ምን እንደሚያልፍ ማን ያውቃል? የእኛ ወገን ተወካዮችም ድምፅ የነፈጓት ለዚህ ነው።»

አንዱ በትንሽነቷ፣ ሌላው በትልቅነቷ ነው የጣሏት። እትዬ ሹፌር ሳህኖቹን ሰብስባ ተነሳች። የዚያን ቀን ዝም አለች፤ በዝምታዋ በኋላ ብዙ ጊዜ ራሷን ወቅሳለች።

ነገሩ የሆነው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት አንዲት ልብስ ሰፊ ሱቅ ነበራት። የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ናት፤ ባሏ ቤት ቀቢ ነው። የከተማው ተማሪ በሙሉ የሚለብሰው እሷ የሰፋችውን ዩኒፎርም ነው። ያን ዕለት የስፌት መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች ተደፋች። ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመው አመጧት። ነርሱ ሆዷን ዳበሰ፣ የደም ግፊቷን ለካ፣ ጥያቄ ጠየቃት፤ ከዚያ ወደ እትዬ ሹፌር ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከማህፀን ውጭ የተቋጠረ እርግዝና ይመስለኛል። ሆዷ ውስጥ እየደማች ነው። አሁኑኑ ቀዶ ጥገና ካልተደረገላት አትተርፍም።»

በስድስት ደቂቃ ኬላው ጋ ደረሱ። ኬላ ጠባቂው የመንገዱን ማገጃ ተደግፎ ቆሟል። በየቀኑ የምትጨቃጨቀው ሰው ነው።

«አንሳው!»

«ደብዳቤ፣ እትዬ?»

«ይመጣል። አንተ አንሳው። ሰው እየሞተ ነው።»

«ኃላፊው ጋ ልደውል» አለና ደወለ። ስልኩ ዝግ ነው። ደግሞ ደወለ። ቢሮው ጸሐፊዋ አነሳች፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው አለች። ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ፤ ትልቅ ስብሰባ፤ ከየአገሩ እንግዳ መጥቷል፤ ስልክ ማስገባት ክልክል ነው።

«የምን ስብሰባ ነው?» ብላ ስልኩን ከእጁ ነጠቀች።

«‹የቀጣናችን ውህደት የወደፊት ዕጣ› ይላል መጥሪያው» አለች ጸሐፊዋ።

ድልድዩ ሁለት መቶ ሜትር አይሞላም። ከማዶ የባለጺሙ አምቡላንስ መብራቱን እያብለጨለጨ ቆሟል፤ ነርሱ ከመንገድ ላይ ስልክ ደውሎ ነግሮታል። ባለጺሙ ከመኪናው ወርዶ፣ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ፣ በራሱ ኬላ ላይ ከቆመው ጠባቂ ጋር ይጯጯሃል። እሱም ከዚያ በኩል ደብዳቤ አጥቷል።

«በእግራችን እንውሰዳት!» አለች እትዬ ሹፌር። «ቃሬዛውን እኔና ነርሱ እንይዛለን። መኪናው እዚህ ይቅር።»

«እትዬ፣ በእግዜር!» አለ ኬላ ጠባቂው። «ባለፈው ወር ያለ ደብዳቤ ያሳለፈው ልጅ ተባሮ የለም ወይ? ማዶም ቢሆን ጠመንጃ ይዘዋል። እንጀራዬ ነው። ሞተረኛ ልኬያለሁ፤ አሁን ይመጣል።»

መሸከም አይሆንም ቢባል የአራት ሰዓቱ መንገድ ነበር የቀረው። ነርሱ ራሱን ነቀነቀ፤ መንገድ ላይ ታልቃለች ማለቱ ነው። ስለዚህ ጠበቁ።

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ላይ ትናገር ነበር። ወንበሩ ላይ ያስቀመጠቻቸው ስድስት ሸሚዞች ቁልፍ እንዳልተተከለላቸው፣ እናቶቹ ዛሬ እንደሚመጡ። «ቁልፎቹ በቆርቆሮው ውስጥ ናቸው በያቸው» አለች። ቀጥሎ በረደኝ አለች። እትዬ ሹፌር ጃኬቷን አለበሰቻት። ኋላ ዝም አለች። ነርሱ እጇን እንደያዘ፣ ኬላው ላይ በደረሱ በሃምሳ ሁለተኛው ደቂቃ፣ «አለቀ» አለ።

ሞተረኛው ከሩብ ሰዓት በኋላ ደረሰ። ደብዳቤው ማኅተሙ አምሮ፣ ፊርማው ረዝሞ፣ በፖስታ ታሽጎ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እትዬ ሹፌር አላለቀሰችም። አምቡላንሱን ቀስ ብላ አዙራ ሬሳውን ወደ ጤና ጣቢያው መለሰች። ባልየው እጁ ላይ ነጭ ቀለም እንደደረቀ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ፊቷን ሲያይ ገባው። ግድግዳውን ይዞ ቁልቁል ተንሸራትቶ ተቀመጠ። ያኔ ነው ደሟ የፈላው። ፖስታውን ከመኪናው ወንበር ላይ አንስታ፣ ሸሚዟ ደም እንደነካው፣ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ በእግሯ ሄደች።

አዳራሹ መግቢያ ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። በር ላይ የቆሙት ጥበቃዎች ያውቋታል፤ ሸሚዟን ሲያዩ ገለል አሉ። ውስጥ ወንድሟ መድረክ ላይ ቆሞ፣ ከአጠገቡ ከተቀመጠ የሌላ አገር ተወካይ ጋር ይሟገታል። ሰውየው «ሉዓላዊነታችንን አንዲት ስንዝር አናጎድልም» ሲል ከፊሉ ያጨበጭባል፤ ወንድሟ «ድንበር ያባቶቻችን ስህተት ነው» ሲል ሌላው ከፊል ያጨበጭባል። በመሃላቸው የኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ሰው ማስታወሻ ይጽፋል።

በመተላለፊያው መሃል ሄዳ መድረኩ ሥር ቆመች።

«የድንበር ጉዳይ ኃላፊው ማነው? ይነሳ!»

ፊት ወንበር ላይ የነበሩ አንድ ሰው ብድግ ሊሉ ጀምረው በግማሽ ቀሩ።

«ደብዳቤህን አምጥቼልሃለሁ። ሴትዮዋ አላስፈለጋትም። ሞታለች።» ፖስታውን ጉልበታቸው ላይ ጣለችው። ወደ መድረኩ ዞረች። ቀድማ ያሰበችው ንግግር አልነበራትም፤ ቃሉ እየተደናቀፈ ነው የወጣው። «እዚህ ቁጭ ብላችሁ… ሃምሳ ሁለት ደቂቃ! ከዚህ እስከዚያ፣ ሁለት መቶ ሜትር! መብራቱ ይታየኝ ነበር እኮ፤ የሰውየው የመኪና መብራት ይታየኝ ነበር! አንዱ አንድ አገር እንሁን ትላለህ። ሁን! ማን ከለከለህ? ሌላው አጥሬን ትላለህ፤ አጥር! ግን በር የሌለው አጥር የት አየህ? ሰው ከታመመበት ጎረቤቱን የማያስገባ፣ የማይወጣ… እናንተ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ? አንዲት ገጽ ናት! ሰባት ዓመት!»

ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ። ከየትኛው ወገን እንደሆነ አይታወቅም።

«ማነው የሚያጨበጭበው?» ብላ ጮኸች። «ሰው ሞተ እያልኩህ ለምንድን ነው የምታጨበጭበው?»

ጭብጨባው ተቆረጠ። ጥበቃዎቹ ሊይዟት ሲጠጉ ወንድሟ ከመድረኩ ላይ «ተዉአት፣ እህቴ ናት» አለ። እሷ ግን ቀና ብላ አየችውና «አይደለሁም» ብላ ወጣች።

ሊመሽ ሲል ወንድሟ ቤቷ መጣ። አማቿ ቀድሞ መጥቶ ጥግ ተቀምጦ ነበር። ወንድሟ ዓይኑ ቀልቷል፤ ማልቀሱ ያስታውቃል።

«ስሚኝማ» አለ። «እኔ ለዚህ አይደል የምታገለው? አንድ አገር ብንሆን ኖሮ ኬላ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ሴትዮዋ ዛሬ በሕይወት ነበረች።»

«የራሳችን ሆስፒታል ቢሠራ ኖሮም በሕይወት ነበረች» አለ አማቿ ከጥጉ። «ብራችንን ማዶ አፍስሰን…»

«ዝም በሉ!» ጠረጴዛውን መታችው። «ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ እውነታችሁን መሆኑ ነው! አንተ፣ ጋሼ፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው የያዝከው። ጩኸቱ ያስፈልገናል አላልከኝም? ይኸው ጩኸት! ያንተን ቻርተር ለማስጮህ ነው ሴትዮዋ የታገደችው? አንተ ደግሞ፣ አምቡላንሱ ውስጥ ምን ተደብቆ ያልፋል አልከኝ። ሄደህ እየው፤ ወለሉን ገና አላጠብኩትም!»

ወንድሟ ተነስቶ ባርኔጣውን ፈለገ። ሲያገኘው ወጣ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ወራት እሑድ ምሳ አልመጣም።

ጤና ጣቢያው «ሥራ ጥሎ በመሄድና የመንግሥት ስብሰባ በማወክ» ብሎ ሁለት ወር ከሥራ አገዳት። ቅጣቱን ስትሰማ ሳቀች፤ ቀኑን ሙሉ ነፃ ነበረቻ። በማግስቱ ጠዋት ከንቲባው ቢሮ ሄዳ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ይህ የእኔ ሥልጣን አይደለም፣ እትዬ» አሉ ከንቲባው።

«የማን ነው?»

«የበላይ አካል ነው።»

«እንግዲህ የበላይ አካል እዚህ እስኪመጣ እጠብቃለሁ።»

በሦስተኛው ቀን ቤት ቀቢው መጥቶ ከጎኗ ተቀመጠ። አይጮህም፣ አይለምንም፤ ከንቲባው በገቡና በወጡ ቁጥር ተነስቶ ይቆማል፤ በቃ። ከንቲባው በኋላ በኋላ በጓሮ በር መግባት ጀመሩ። ማዶ ደግሞ ባለጺሙ በራሱ ከንቲባ በር ላይ ተቀምጧል አሉ፤ ወሬውን የሚያመላልሱት ሽንኩርት የሚሸጡ ሴቶች ናቸው።

በአሥራ አንደኛው ቀን አማቿ የጉምሩክ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ኮሪደሩ ላይ ብቅ አለ። ግራና ቀኝ አየና አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጣት።

«እማማ፣ እኔ እንዳመጣሁት አይናገሩ። የእሳት አደጋ መኪና ያለ ደብዳቤ ነው የሚያልፈው። ገበያው የተቃጠለ ጊዜ ሁለቱ ከንቲባዎች የፈረሙት የሦስት ወር ጊዜያዊ ፈቃድ አለ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በየሦስት ወሩ ሲታደስ ኖሯል። የበላይ አካል የሚባል አልጠየቃቸውም። ‹የእሳት አደጋ መኪና› ካለው ቀጥሎ ‹እና አምቡላንስ› ቢባል…»

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «እስከ ዛሬ ታውቅ ነበር?»

«ያለ ደብዳቤ የሚያልፉ መኪኖች ዝርዝር በየቀኑ ፊት ለፊቴ ተለጥፎ ነው የምውለው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «አስቤበት አላውቅም። ማለቴ… ሊታሰብበት እንደሚችል አላሰብኩም።»

ልትሰድበው አፏን ከፈተች። ከዚያ ጎኗ የተቀመጠውን ሰው አየችና ተወችው።

ከንቲባው ወረቀቱን ሲያዩ በላብ ተጠመቁ። «ቢጠይቁኝስ?» አሉ። «እሳት ነው በሏቸው» አለ ቤት ቀቢው። እዚያ ኮሪደር ላይ ከተቀመጠ ወዲህ ከአፉ የወጣች የመጀመሪያዋ ቃል ናት። ከንቲባው ብዕራቸውን አነሱ። የማዶው ከንቲባ በሳምንቱ ፈረሙ።

ወደ ሥራ በተመለሰች በአራተኛው ቀን፣ ከጣራ ላይ የወደቀ አናጢ ጭና ኬላው ጋ ደረሰች። ጠባቂው ከሩቅ ሲያያት ማገጃውን አነሳ። ነድታ አለፈች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያንን ድልድይ በመኪና ስትሻገር የመጀመሪያዋ ነበር። አናጢውን አስረክባ ወደ አምቡላንሱ ተመለሰች፤ ነርሱ ተከትሏት ሲመጣ መሪውን በጡጫ ስትደበድብ አገኛት።

«ምን ሆንሽ? ተርፎ የለም እንዴ?»

«አርባ ሰከንድ!» አለች። «ሰዓቴን አይቼ ነው የተሻገርኩት። አርባ ሰከንድ ብቻ ነው የፈጀው!» ሃምሳ ሁለቱን ደቂቃ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ፈቃዱ ከጸና በኋላ ባለቤቱ በዛ። አንድ አገር እንሁን ባዮቹ «የውህደቱ የመጀመሪያ ፍሬ» ብለው ጋዜጣ ላይ አወጡት። የአጥር ወገኖች «ከተሞች በራሳቸው ሥልጣን ችግራቸውን ሲፈቱ» ብለው አወጡት። የኅብረቱ ጽሕፈት ቤት «የደረጃ በደረጃ አካሄዳችን ውጤት» ብሎ የምስጋና ወረቀት በፍሬም አዘጋጅቶ ጠራት። አልሄደችም። ነርሱን ልካ «ፍሬሙን ይዘህ ና፣ ወረቀቱን እዚያው ተወው» አለችው። አምቡላንሱ ውስጥ አሁን የድንገተኛ መድኃኒቶች ዝርዝር የተሰቀለው በዚያ ፍሬም ነው።

ወንድሟ ከዓመት በኋላ አንድ እሑድ ሳይጠራ መጣ። ሸምግሏል። ገበታው ላይ አንድ ወፍራም ጥራዝ አኖረ። የቻርተሩ ረቂቅ ነው።

«አንቀጽ ስልሳ አንድ» አለ። «አንብቢው። አምቡላንስ ይላል። እኔ ነኝ ያስገባሁት፤ ብዙ ተጣልቼበታለሁ።»

አነበበችው። ንጹሕ አማርኛ ነበር፤ አንዲት የምትወጣለት ቃል የለችም። «መቼ ይጸድቃል?»

«ሁሉም አገሮች ሲፈርሙ» አለና ፊቷን አይቶ ቶሎ አከለ፦ «ጊዜ ይወስዳል። አውቃለሁ።»

ጥራዙን ዘግታ ወደ እሱ ገፋችው። «ይጽደቅ። ከልቤ ነው የምልህ፣ ይጽደቅ። የዚያን ቀን ራሴ መጥቼ አጨበጭብልሃለሁ። እስከዚያ ግን የሦስት ወሯን ወረቀቴን አንድ ሰው፣ ያንተ ወገን ይሁን የዚህ ልጅ ወገን፣ ‹ይህች ለብቻዋ ምን ታደርጋለች› ብሎ ቢነካት፣ ጋሼ፣ ወንድሜ ነህ አልልህም።»

«እሺ» አለ።

«እሺ አትበለኝ። ማልልኝ።»

ማለላት። ከዚያ ሳህን አቀረበችለት፤ አማቿም ዳቦውን ወደ እሱ አስጠጋለት። ያን ቀን ስለ አገሮች ማንም ምንም አላነሳም። በልተው ሲጨርሱ የአምቡላንሱ ስልክ ጮኸ፤ እትዬ ሹፌር እጇን በፎጣ እየጠረገች ቁልፏን አንስታ ወጣች።